ስፐርስ 28 ጨዋታ ያለ አቻ ሲጓዝ የ10 ብሩ ‹‹ሲስተም›› የት ደረሰ?

እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 2019 በዌምብሌይ የተካሄደው የሰሜን ለንደን ደርቢ ሊያልቅ ሲል አርሰናል ፍፁም ቅጣት ምት አገኘ። ራምሴ ለመድፈኞቹ ቀድሞ አስቆጥሮ፣ ሃሪ ኬን በፍፁም ቅጣት ምት አቻ አድርጎ ውጤቱ 1ለ1 ነበር። ኦባሚያንግ የመታውን ኳስ ሁጎ ሎሪስ አዳነው፤ ጨዋታውም በዚያው ውጤት አለቀ። ብዙው ተመልካች የሚያስታውሰው የሎሪስን እጆች ነው። ለውርርድ ሰው ግን ጨዋታው ሌላ ትርጉም አለው። ቶተንሃም በ2018/19 የውድድር ዘመን በሊጉ አቻ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ በፊት ያደረጋቸውን 28 ጨዋታዎች ወይ አሸንፏል፣ ወይ ተሸንፏል።

ይህን ቁጥር የሚያውቅ ሰው፣ ቤቲንግ ቤት በር ላይ ‹‹ሲስተም አለኝ›› የሚል ወጣት ሲያጋጥመው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ሲስተሞቹ ብዙ ቢሆኑም በጣም የሚወደደው እንዲህ ነው። አንድ ቡድን ይመረጥና በየሳምንቱ ‹‹አቻ ይወጣል›› ተብሎ ይያዛል። ከተበላ በሚቀጥለው ጨዋታ የሚያስይዙትን ገንዘብ እጥፍ ማድረግ ነው፤ 10 ብር፣ 20፣ 40፣ 80 እያለ ይሄዳል። ቡድኑ አንድ ቀን አቻ መውጣቱ አይቀርም፤ በዚያች ቀን የተበላው ሁሉ ከነትርፉ ይመለሳል። ዘዴው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ በቁማር ጠረጴዛ ላይ ይታወቅ የነበረው ማርቲንጌል ነው። ወደ ኳስ ሲመጣ አዲስ ግኝት መሰለ እንጂ ዕድሜው በ1863 ከወጡት የእግር ኳስ ሕጎች ይበልጣል።

ደግሞም ብዙ ጊዜ ይሠራል። ክፋቱም እዚሁ ላይ ነው። አብዛኛው ቡድን በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ አንዴ አቻ ስለሚወጣ ተወራራጁ ትንሽ ትንሽ እየበላ ይቆያል። ጓደኞቹ ያያሉ፣ ይከተላሉ። ሁለት ወር የበላ ሰው ‹‹ይህ ነገር አይሠራም›› ቢባል እንዴት ይሰማል? በኪሱ ያለው ብር ራሱ ምስክር ነው።

እስቲ ሂሳቡ በስፐርስ ላይ ይሠራ። የውድድር ዘመኑ ሲጀመር በ10 ብር የተነሳ ተወራራጅ ከአሥር ጨዋታ በኋላ በድምሩ 10,230 ብር ተበልቷል። ይሄ እንግዲህ የብዙ ሰው የወር ደመወዝ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ለ11ኛው ጨዋታ 10,240 ብር ማስያዝ አለበት። 20ኛው ላይ ሲደርስ ለአንድ ትኬት 5,242,880 ብር ያስፈልገዋል። ሎሪስ ኳሷን ባዳነባት ቀን የሚያስይዘው ደግሞ 2,684,354,560 ብር ነው፤ ከዚያ በፊት የተበላውም ከዚሁ በ10 ብር ብቻ ያነሰ ነው። ኦባሚያንግ ቢያስቆጥር ኖሮ ለቀጣዩ ሳምንት እንደገና እጥፍ!

እንዲህ ያለ ገንዘብ ያለው ሰው ቤቲንግ ቤት ምን ይሠራል? ቢመጣስ ማን ይቀበለዋል? አወራራጅ ድርጅቶች በአንድ ትኬት የሚከፍሉት ጣሪያ አላቸው። ሲስተሙ ከዚያ ጣሪያ ጋር ሲጋጭ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ከዚያም በፊት ከተወራራጁ ኪስ ጋር ሲጋጭ ይቆማል። የሚቆመውም ከፍተኛው ገንዘብ በተበላበት ሰዓት ነው።

‹‹እጥፍ ማድረጉ በዛ›› የሚሉ ሰዎች ለስለስ ያለውን የፊቦናቺ መንገድ ይመርጣሉ። እዚህ ላይ ቀጣዩ ውርርድ የሁለቱ ቀዳሚዎች ድምር ነው፤ 10፣ 10፣ 20፣ 30፣ 50፣ 80 እያለ ይቀጥላል። በስፐርስ 28 ጨዋታዎች ሲሰላ የተበላው 8,320,390 ብር ይሆናል። ከቢሊዮን ወደ ሚሊዮን ወርዷል፤ ለደመወዝተኛ ግን ያው ነው።

‹‹የስፐርስ እኮ ልዩ አጋጣሚ ነው›› የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው፣ በፕሪሚየር ሊጉ ታሪክ ሪከርድ ነው። ነገር ግን ለመክሰር 28 ጨዋታ አያስፈልግም፣ አሥር ይበቃል። በሊጉ ከአራት ጨዋታ አንዱ ገደማ አቻ ይወጣል ተብሎ ቢሰላ፣ አንድ ቡድን አሥር ጨዋታ በተከታታይ ያለ አቻ የማለፍ ዕድሉ ከ18 አንድ ያህል ነው። ሊጉ 20 ክለቦች አሉት። ስለዚህ በየዓመቱ አንዱ ክለብ የመጀመሪያዎቹን አሥር ጨዋታዎች ያለ አቻ ቢጨርስ የሚገርም አይሆንም። ጥያቄው የትኛው ክለብ ነው የሚለው ብቻ ነው።

የችግሩ ሥር ግን ከዚህም ይጠልቃል። ትኬቱ ራሱ በውድ የተገዛ ነው። ለምሳሌ ለአንድ ጨዋታ ባለሜዳው 2.10፣ አቻ 3.20፣ እንግዳው 3.40 ኦድ ቢሰጣቸው፣ ማንም ያሸንፍ ማን 100 ብር ለማግኘት በሦስቱም ላይ በድምሩ 108 ብር ከ28 ሳንቲም ማስያዝ ያስፈልጋል። ስምንት ብሯ የቤቱ ናት። በሌላ አነጋገር በጭፍን የተያዘ 100 ብር በአማካይ 92 ብር ገደማ ሆኖ ይመለሳል። ማብዛት፣ ማሳነስ፣ እጥፍ ማድረግ ወይም በፊቦናቺ መሄድ ይህቺን ቅናሽ አይነካትም። ሲስተሙ የሚቀይረው ኪሳራው የሚመጣበትን ቀንና አመጣጡን ነው፤ በየሳምንቱ በጥቂት ጥቂቱ ወይስ አንዴ በጅምላ።

በብዙዎች ዘንድ ተወዳጅ የሆነው ረጅሙ ትኬት ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። በዚሁ ስሌት አምስት ጨዋታ አንድ ላይ ሲታሰር 100 ብሩ በአማካይ 67፣ አሥር ጨዋታ ሲሆን 45 ብር ይሆናል። የቤቱ ድርሻ በእያንዳንዱ ጨዋታ ላይ ስለሚባዛ ነው። ‹‹አንድ ጨዋታ ብቻ ቀረብኝ›› የሚለው እሮሮ የሚመጣውም ከዚሁ ነው። ኦክቶበር 4 ቀን 2020 የሊጉ ሻምፒዮን ሊቨርፑል በአስቶንቪላ 7ለ2፣ ማንችስተር ዩናይትድ በሜዳው በቶተንሃም 6ለ1 የተሸነፉባት እሁድ የስንቱን ትኬት እንዳስቀደደች የኳስ ቤተሰብ አይረሳውም። ረጅሙ ትኬት ቢሳካም መንግሥት አለ፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከዕድል ጨዋታ በሚገኝ ከ1,000 ብር በላይ በሆነ ገቢ ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሏል።

ታዲያ በውርርድ ለረጅም ጊዜ የበላ የለም? አለ። የብራይተኑ ባለቤት ቶኒ ብሉምና የብሬንትፎርዱ ማቲው ቤንሃም ሀብታቸውን ያፈሩት በአመዛኙ ከውርርድ ነው። ሁለቱም የሚታወቁት ግን ብር በማጠፍ አይደለም። ባለሙያ ቀጥረው፣ መረጃ ሰብስበው፣ የእያንዳንዱን ውጤት ዕድል ራሳቸው አስልተው፣ ኦዱ የተሳሳተ ሲመስላቸው ብቻ ያስይዛሉ። ይህ ሥራ ነው፤ ያውም ቢሮና ደመወዝተኛ ያለው። ቤንሃም ስማርትኦድስን፣ ብሉም ስታርሊዛርድን ያቋቋሙት ለዚሁ ነው። በዚሁ የቁጥር ዘዴ ተጫዋች እየገዛ ብሬንትፎርድ በ2021 ከ74 ዓመት በኋላ ወደ እንግሊዝ ከፍተኛው ሊግ ተመልሷል።

ብቻውን ኮምፒዩተር ላይ ቁጭ ብሎ እንዲህ ማድረግ ለሚያምረው ደግሞ ሊሳንድሮ ካውኒትስና ሁለት ባልደረቦቹ በ2017 ይፋ ያደረጉት ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ኳስ ለመተንበይ አልሞከሩም። የብዙ ድርጅቶችን ኦድ አነጻጽረው፣ ከአማካዩ በጣም ከፍ ያለ ኦድ የሰጠው ድርጅት ዘንድ ብቻ ነው የሚያስይዙት። በአሥር ዓመት ውስጥ በተደረጉ 479,440 ጨዋታዎች ላይ በወረቀት ሲሞክሩት 3.5 በመቶ አተረፈ። ከዚያ በራሳቸው ገንዘብ አምስት ወር ተጫወቱ፤ ከ265 ውርርዶች 957 ዶላር ተኩል በሉ። ድርጅቶቹ ግን ነገሩ ገባቸው። ሒሳባቸው ላይ ገደብ ተጣለ፣ ማስያዝ የሚችሉት መጠን ወረደ፣ አንዳንዱ ውርርዳቸው በሠራተኛ ታይቶ ካልተፈቀደ የማያልፍ ሆነ። ተመራማሪዎቹም ውርርዱን ለማቆም ተገደዱ።