ቁጥሩን ሸምድደን እንስሳውን ረሳነው



ፍሬሽማን ሳለን በጄኔራል ባዮሎጂ ፈተና ላይ «የሰው ልጅ ስንት ክሮሞዞም አለው?» የሚል ጥያቄ ነበር። 46 የሚለውን አክብቤ አለፍኩ። ማታ ዶርም ውስጥ ስለ ፈተናው ስናወራ አንድ ወንድማችን «46 የሆነው እኮ ሰው ከእንስሳት ስለሚበልጥ ነው» አለ። ማናችንም አልተከራከርነውም። እኔም እንደዚያው ይዤው ሁለት ዓመት ቆየሁ። ከዚያ ላይብረሪ ውስጥ ስለ ሙንትጃክ አነበብኩና በራሴ ሳቅኩ። በቻይና ጫካ ውስጥ የሚኖር ሙንትጃክም 46 ክሮሞዞም ነው ያለው። የቅርብ ዘመዱ የሆነችው የሕንድ ሙንትጃክ ደግሞ 6 ብቻ አላት።

እንስሳውን ለማታውቁ፤ ሙንትጃክ በደቡብና በምሥራቅ እስያ የሚኖር ትንሽ አጋዘን ነው። ግን «አጋዘን» ስል ትንሽ ቅር ይለኛል። እኛ አገር በዚህ ስም የምንጠራው እንስሳ ቀንዱን ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል። የእስያና የአውሮፓ አጋዘኖች ግን ቀንዳቸው አጥንት ነው፤ በየዓመቱ ይረግፍና እንደገና ይበቅላል። በአህጉራችን የእነሱ ወገን በተፈጥሮው የሚገኘው በሰሜን አፍሪካ ብቻ ነው። ስለዚህ ሙንትጃክ እያልኩ ልቀጥል። በቁመናው ከእኛ ሚዳቋ ብዙም አይርቅም። ወንዱ ትንሽ ቀንድ አለው፤ ከዚያ በላይ የሚያስገርመው ግን ከላይኛው ከንፈሩ ወጣ ያሉት ሁለት ክራንቻዎቹ ናቸው። ከሌላ ወንድ ጋር ሲጣላ በእነሱ ይቆርጣል። ብቻውን መኖር ይወዳል፤ አውሬ ሲሸተው እንደ ውሻ ይጮኻል። የወደቀ ፍሬ፣ ቅጠልና ቀንበጥ ይበላል። እሱን ደግሞ ነብርና የዱር ውሻ ይበሉታል።

ወደ ቁጥሩ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1970 ዶሪስ ወርስተርና ኩርት ቤኒርሽኬ የተባሉ ተመራማሪዎች የሕንድ ሙንትጃክን ክሮሞዞም ቆጥረው ውጤቱን ሲያሳትሙ ብዙ ሰው ደነገጠ። የቻይናው ዘመድ 46 መሆኑ ከዚያ በፊት ታውቆ ስለነበር የሕንዱም እዚያው አካባቢ ይሆናል ተብሎ ነበር የሚጠበቀው። እንስቷ 6፣ ወንዱ 7 ሆኖ ተገኘ። እስከ ዛሬ ከሚታወቁ አጥቢ እንስሳት ሁሉ ትንሹ ቁጥር ይኸው የእንስቷ 6 ነው።

ወንዱ ለምን 7 ሆነ? በዚህ እንስሳ ኤክስ የሚባለው የፆታ ክሮሞዞም ከሌላ ክሮሞዞም ጋር ተጣብቋል። እንስቷ ከተጣበቀው ሁለት ስላላት ሦስት ጥንድ ሆኖላት ይዘጋል። ወንዱ ግን የተጣበቀው አንድ ብቻ ነው። የዚያ ጥንድ ብቻውን ቆሞ፣ ዋይ ደግሞ በጎኑ ተቆጥሮ 7 ይደርሳል።

ታዲያ 40 ክሮሞዞም የት ሄደ? የትም አልሄደም። ተፍሲር ኢብኑ ከሲርን አንዱ አሳታሚ በ4 ጥራዝ፣ ሌላው በ8 ጥራዝ አሳትሞት በመስጂዳችን መደርደሪያ ላይ ያያችሁ ትኖራላችሁ። ባለ 8ቱ ከባለ 4ቱ በእውቀት አይበልጥም፤ ልዩነቱ የጠራዡ ነው። በሕንድ ሙንትጃክ የዘር ሐረግም ክሮሞዞሞች ጫፍ ለጫፍ እየተጋጠሙ ጥቂትና ትልልቅ ጥራዞች ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2020 የሁለቱ ዝርያዎች ሙሉ ጂኖም ጎን ለጎን ሲነጻጸር የጂኖቹ ቅደም ተከተል በአብዛኛው የተመሳሰለ ሆኖ ተገኝቷል። ከከብት ጋር እንኳ ሳይቀር ብዙ ቦታ ላይ ይገጥማል።

ሌላም አለ። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞዞም አላቸው። የሁለት ልዩነት ብቻ ነው፤ ልጃቸው በቅሎ ግን እንደማትወልድ ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቃል። በቻይና ኩንሚንግ ከተማ በ1980 አካባቢ ባለ 46ቱና ባለ 6ቷ ሙንትጃኮች ተዳቅለው በሕይወት ያለ ዲቃላ ተወለደ። ወንዱ ዘር ማፍራት ተሳነው እንጂ እንደ ማንኛውም ሙንትጃክ አደገ። እንግዲህ የዶርማችን ወንድም «ቁጥሩ ስለሚበልጥ» ያለው ነገር ምን ላይ ቆመ? የሰው ልጅ ክብር በክሮሞዞም ብዛት ቢሆን ኖሮ ከቻይናው ሙንትጃክ ጋር እኩል በሆንን፣ ከፈረስም ባነስን ነበር። አሳፋሪው ነገር የእሱ መሳሳት አይደለም። አምስት ሆነን ተቀምጠን አምስታችንም ጥያቄውን በትክክል መልሰን፣ አንዳችንም «46 ምን ማለት ነው?» አለማለታችን ነው።

ሰዎች መድረሳን የሽምደዳ ቦታ አድርገው ሲያወሩ የምስቀውም ለዚህ ነው። እኔ የቀራሁባቸው ኡስታዝ መትኑን በቃላችን ካስያዙን በኋላ ሸርሑን ሳንረዳ ወደ ሚቀጥለው ባብ አያሳልፉንም ነበር። መትን ያለ ሸርሕ የለመድኩት በመንግሥት ትምህርት ቤትና እዚህ ግቢ ውስጥ ነው።

ይህ የፈተና ጉዳይ ብቻ ቢሆን ለመጽሔታችን ባልጻፍኩት። ቁጥርን ያለ ማብራሪያ መያዝ እንስሳትን በመጠበቅ ሥራ ላይም ጉዳት ያመጣል። «ሙንትጃክ እየበዛ ነው ወይስ እያለቀ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ እንደ ዝርያውና እንደ ቦታው ፍጹም ተቃራኒ ነው።

እንግሊዝ አገርን ውሰዱ። የቻይናው ሙንትጃክ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ዎበርን ወደሚባል የመኳንንት ግቢ ለጌጥ ተወሰደ። ከዚያ አምልጦና ተለቆ ዱር ገባ። እንስቷ ሰባት ወር ገደማ አርግዛ ትወልዳለች፤ በወለደች በጥቂት ቀን ውስጥ እንደገና ማርገዝ ትችላለች፤ የተወሰነ የመራቢያ ወቅትም የላትም። የሚበላት አውሬ በሌለበት አገር ይህ ምን እንደሚያስከትል ማስላት ቀላል ነው። ዛሬ የእንግሊዝን ጫካ ከሥር ከሥሩ እየበላ የዱር አበቦችንና ችግኞችን ስላስቸገረ ቁጥሩን ለመቀነስ ይገደላል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2016 ባወጣው የወራሪ መጤ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

አሁን ወደ ቬትናምና ላኦስ ድንበር፣ ወደ አናማይት ተራሮች እንሂድ። እዚያ ትልቅ ቀንድ ያለው ሌላ የሙንትጃክ ዝርያ አለ። ሳይንስ ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ በቩ ኳንግ ጥብቅ ቦታ። እዚያው ጫካ ውስጥ ከሁለት ዓመት በፊት ሳኦላ የሚባል ትልቅ እንስሳ ለሳይንስ አዲስ ሆኖ ተገኝቶ ነበር። በሰሜን በርማም በ1990ዎቹ መጨረሻ ሌላ በጣም ትንሽ ሙንትጃክ ተገኘ። አዳኞቹ በአንድ ሰፊ ቅጠል መጠቅለል ይቻላል ስለሚሉ የቅጠል ሙንትጃክ ተባለ። ተመራማሪዎቹ ከመንደሩ አዳኞች የራስ ቅል ሰብስበው በዲኤንኤ መርምረው ነው ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑን ያረጋገጡት።

«ተገኘ» የሚለው ቃል ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። አዳኙ እንስሳውን ያውቀዋል፣ ስም ሰጥቶታል፣ ቀንዱን ቤቱ ሰቅሎታል። የእኛው ደጋ አጋዘንም እንዲሁ ነው። የአርሲና የባሌ ሰው ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል፤ ነገር ግን በ1908 በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ ገድሎት፣ በ1910 ለንደን ውስጥ ሳይንሳዊ ስም ሲወጣለት የገዳዩ ስም ተሰጠው። ይህን የምለው ሳይንስን ለማጣጣል አይደለም። አዳኙ ሁለቱን እንስሳት መለየት ይችላል፤ ዲኤንኤው ደግሞ ምን ያህል እንደሚራራቁ ይነግረናል። ሁለቱ ካልተገናኙ ብርቅዬው ከተራው ጋር በአንድ ስም ይቆጠርና «ሙንትጃክ ሞልቷል» ይባላል። በአናማይት ጫካ ተራው ቀዩ ሙንትጃክም ይኖራል፤ እሱ ዛሬም በስፋት አለ። ባለ ትልቅ ቀንዱ ግን ከ2016 ጀምሮ በዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ነው። ሳኦላ ደግሞ በዱር ውስጥ ካሜራ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ2013 ነው።

የሚያጠፋቸው ጠመንጃ አይደለም። የሽቦ ሸምቀቆ ነው። የሞተር ሳይክል ወይም የብስክሌት የፍሬን ሽቦ፣ አንድ የሚጎብጥ እንጨት፣ አንድ መቆንጠጫ፤ በቃ። እንደ ኢንጂነሪንግ ተማሪ ሳየው ንድፉ ያስቀናል፣ እንደ ሰው ሳየው ያስጠላል። ዋጋው ከምንም አይቆጠርም። ጥበቃ አያስፈልገውም። አይተኛም። የሚይዘውንም አይመርጥም። አዳኙ ተመልሶ ካልመጣ የተያዘው እንስሳ እዚያው ተሰቃይቶ ሞቶ ይበሰብሳል። የዓለም የዱር እንስሳት ፈንድ በ2020 ባወጣው ጥናት በካምቦዲያ፣ በላኦስና በቬትናም በተጠበቁ ቦታዎች ውስጥ ብቻ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሸምቀቆ እንዳለ ገምቷል።

እዚህም ላይ ቁጥር ያታልላል። የጥበቃ ሠራተኞች ያነሱት ሸምቀቆ ብዛት እንደ ስኬት ሲነገር እሰማለሁ። ሥራቸው ከባድ ነው፣ አከብራቸዋለሁ። ግን አንዱን ለመትከል ደቂቃዎች ይበቃሉ፣ ቅጠል ውስጥ የተደበቀውን ለማግኘት ቀን ሙሉ መንከራተት ያስፈልጋል። የሚያፈስ ቧንቧ ሥር ባልዲ እየቀያየሩ ማስቀመጥ ነው። ቧንቧው ያለው ከተማ ውስጥ፣ የዱር ሥጋ ለድሃ ምግብነት ሳይሆን ለሀብታም መኩራሪያ በሚቀርብባቸው ምግብ ቤቶች ነው። በእኔ እምነት ገንዘብም ሕግም ወደዚያ መሄድ አለበት፤ ጫካ ውስጥ ሸምቀቆ ወይም መሥሪያውን ይዞ መገኘትም ብቻውን ሊያስጠይቅ ይገባል። ከዚህ ጎን ለጎን የቀሩትን ጥቂቶች ይዞ ማራባት ያስፈልጋል። እሱንም ቢሆን ያለ ጄኔቲክስ ከሞከርነው የትኛውን ከየትኛው ጋር እንዳገናኘን ሳናውቅ የበቅሎን ታሪክ እንደግማለን።

ይህን ረቂቅ ለዶርም ጓደኞቼ ሳነብ አንዱ «አገራችን ስንት ችግር እያለ የቬትናም ሚዳቋ ምን አገባን?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የመጀመሪያው መልሴ፣ ነገሩ የቬትናም ብቻ አለመሆኑ ነው። ማሌዎች ሙንትጃክን ኪጃንግ ይሉታል። የማሌዥያ ማዕከላዊ ባንክ አርማ እሱ ነው፤ የወርቅ ሳንቲማቸውም በስሙ ይጠራል። ቶዮታ ከ1977 ጀምሮ በኢንዶኔዥያ የሸጠው መኪናም ኪጃንግ ይባላል። በሱማትራ ሙንትጃክ የነብር ምግብ ነው፤ ለእሱና ለዱር አሳማ የተተከለው ሽቦ ነብሩንም ይይዛል። የኢንዶኔዥያ ዑለማዎች ምክር ቤት በ2014 ባወጣው ፈትዋ ቁጥር 4 ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትን መጠበቅ ግዴታ፣ በሕገወጥ መንገድ ማደንና መነገድ ሐራም መሆኑን ደንግጓል። ታንቆ የሞተ ሥጋ እንደማይበላ ደግሞ ሁላችንም ከልጅነታችን የምናውቀው ነው። ሽቦ ተክሎ ለሳምንት የሚጠፋ ሙስሊም አዳኝ ምን ሊበላ እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ።

ሁለተኛውን መልስ ለጓደኛዬ አልነገርኩትም፤ እዚህ ልጻፈው። የሕንድ ሙንትጃክ ሴል በዓለም ላቦራቶሪዎች ሞልቷል። ክሮሞዞሞቹ ጥቂትና ትልልቅ ስለሆኑ የሴል ክፍፍልን በማይክሮስኮፕ ለማየት ይመቻል። የአንዱ ዝርያ ሴል በብርጭቆ ሳህን ላይ እንደ ልብ ይራባል፣ የዘመዱ ሥጋ ሽቦ ላይ ይበሰብሳል። እኛ ነገ መንገድ፣ ግድብና የኤሌክትሪክ መስመር የምንዘረጋ ሰዎች ነን። ሪፖርታችን ላይ «በአካባቢው አጋዘን አለ» ብለን የትኛው እንደሆነ ሳንጠይቅ ብንፈርም፣ በዚያ ፈተና ላይ 46ን አክብበን እንዳለፍነው ነው።

በዚህ ሴሚስተር ጀመዓው ለፍሬሽማኖች በሚሰጠው ቱቶሪያል የባዮሎጂው ተራ ለእኔና ለአንድ የባዮሎጂ ተማሪ እህታችን ደርሶናል። የሁለቱን ሙንትጃኮች የክሮሞዞም ሥዕል አትመን እናመጣለን። አንዱ ላይ 46፣ አንዱ ላይ 6። የትኛው የየትኛው እንደሆነ አንጽፍበትም።