ጋቢው ይቅደም

አዳማ ላይ ቤታቸው ውስጥ ስቱዲዮ ለማቋቋም የተነሡ ወጣቶች መጀመሪያ የሚጠይቁት «የትኛው ማይክ ይሻላል?» ብለው ነው። እኔ ደግሞ «ጣራችሁ ምንድን ነው?» እላለሁ። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ከሆነ ሐምሌና ነሐሴን እርሱት። ነፋሱም አለ። ከከተማዋ አጠገብ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉት በከንቱ አይደለም፤ ያ ነፋስ ላላ ባለ መስኮት ሲገባ ከዘፋኙ እኩል ይዘፍናል። የባጃጁን ጩኸትማ ተዉት።

ሁሉም የሚጓጓለት ኮንደንሰር ማይክ ከሳውንድ ካርዱ 48 ቮልት እየወሰደ የሚሠራ፣ ጆሮው ቀጭን ዕቃ ነው። ባዶ የብሎኬት ክፍል ውስጥ ከዘፈኑ ጋር የጎረቤትን ጭቅጭቅ ጭምር ይለቅማል። ዳይናሚክ የሚባለው ማይክ ግን አፍን ካላስጠጉለት እምብዛም አይሰማም፣ ለእኛ ቤት የሚስማማውም ይኸው ጠባዩ ነው። ርካሽ ስለሆነ ብቻ የሚመረጥ እንዳይመስላችሁ፦ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የማይክል ጃክሰን «ትሪለር» ሲቀዳ የድምፅ መሐንዲሱ ብሩስ ስዊዲን ለድምፃዊው የተጠቀመው ሹር ኤስኤም7 ዳይናሚክ ነው። ለጀማሪ የዚያው የሹር ኤስኤም58 ይበቃል፤ ሐሰተኛው ስለበዛ ግን ሲገዙ አብሮ የሚያይ አዋቂ መያዝ ነው።

አሁን ወደ እንቁላል መያዣው። ግድግዳቸውን በእሱ ለብጠው «አፍነነዋል» የሚሉ ብዙ ናቸው። ወፍራም የወንድ ድምፅ ወደ 100 ኸርዝ ሲወርድ የአንዱ ሞገድ ርዝመት ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ አምስት ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ካርቶን ምን ያደርገዋል? ቀጭኑን ድምፅ በመጠኑ ይበትንና ጉርምርምታውን እንዳለ ይተወዋል። ከውጭ የሚገባውንማ ጨርሶ አያግደውም። ከዘፋኙ ጀርባና ግራ ቀኝ የጥጥ ፍራሽ ማቆም፣ ገመድ ላይ ታጥፎ የተሰቀለ ጋቢ፣ ልብስ የሞላ ቁም ሣጥን ይሻላሉ። ጉርምርምታውን እነሱም አይጨርሱትም፤ የክፍሉን ማስተጋባት ግን ይበሉታል፣ ዋጋቸውም ቤት ውስጥ ተከፍሏል። እርግጥ በሚያዝያ ሙቀት ጋቢ መሀል ቆሞ መዝፈን ላብ ነው፤ ፋኑ ደግሞ በቀረጻ ሰዓት መጥፋት አለበት። ስለዚህ ማታ ቅዱ።

መብራት እንደሚሄድ አስባችሁ ግዙ። ባትሪው ደህና የሆነ ላፕቶፕና ከዩኤስቢው ኃይል የሚወስድ ባለ ሁለት መግቢያ ሳውንድ ካርድ ካለ፣ ሠፈሩ ቢጨልምም ዘፈኑ አይቋረጥም። ስፒከሩ ይቆይ፣ ሄድፎን ይቅደም።

ዕቃ ማነሱ አዲስ አይደለም፦ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በስሙ የሸክላ አሳታሚ ሲከፍት ሸክላውን እንኳ ያሳተመው ህንድ ልኮ ነው። የዚያ ዘመን ባንዶች በአንድነት እየተጫወቱ ይቀዱ ስለነበር፣ ማይክ ፊት ከመቆማቸው በፊት ዘፈኑ ጣታቸው ላይ ያለቀ ነበር። ዛሬ ኤፍኤል ስቱዲዮ በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ላይ የሚጫነው ክራር የሁሉም ሰው ክራር ስለሆነ ዘፈኖቻችን መንታ እየመሰሉ ነው። ለኮንደንሰሩ ያሰባችሁት ብር ከተረፈ፣ ሰንጋ ተራም ይሁን ቢሾፍቱ፣ እውነተኛ ክራር የሚመታ ሰው ፈልጋችሁ ለአንድ ማታ ክፈሉት።