አሮጌ መኪና ስትገዙ ኮፈኑን አስከፍቱ

ካርቱም የኖርን ሁሉ እንደምናስታውሰው፣ ከወገኖቻችን ጥቂት የማይባሉት እንጀራቸውን የሚያገኙት በመኪና ነበር፤ ገሚሱ አምጃድና ሃይስ እየነዳ፣ ገሚሱ ጋራዥ ውስጥ። ዛሬም እቁብ ጥለው ወይም ዘመድ የላከላቸውን አጠራቅመው አንድ አሮጌ «ቦክሲ» (ሱዳኖች ፒክአፕን የሚሉት እንዲህ ነው) ለመግዛት የሚያስቡ አሉ። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን የመኪና ፊደልና ቁጥር እንዴት እንደሚነበብ እናያለን።

በመጀመሪያ ጀርባው ላይ ያለውን እንመልከት። ዲኤክስ፣ ጂኤል የሚሉት ፊደላት የመኪናው ስም ሳይሆኑ የምቾት ደረጃው ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ «ዲኤክስ» ሲባል ሁላችንም አሮጌዋ ቶዮታ ኮሮላ ትታየናለች። ይሁን እንጂ ዲኤክስ «ዴሉክስ» ከሚለው ያጠረ ነው፤ ከተራው አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ማለት ነው። ሂሉክስም ዲኤክስ አለው። ደረጃው ስለ ወንበሩና ስለ ጌጡ ይነግረናል እንጂ የሞተሩን ጤንነት አይነግረንም። በዚያ ላይ ፊደሉ ከገበያ ተገዝቶ የሚለጠፍ ነገር ነው። እሱን አይቶ ብቻ ዋጋ መጨመር የዋህነት ነው።

እውነቱ ያለው ኮፈኑ ስር ነው። ብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ላይ በሞተሩና በጋቢናው መካከል ባለው ብረት ላይ አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ አለች። «ሞዴል» ከሚለው ጎን ኤልኤን106 ተጽፎ ብናገኝ እንዲህ እናነበዋለን፦ ኤል የናፍጣ ሞተሩ ቤተሰብ ነው፤ ኤን ሂሉክስ ማለት ነው፤ 106 ደግሞ በአራቱም ጎማ የሚነዳው ዓይነት መሆኑን ያሳያል። ከቁጥሩ ቀጥሎ ኤል ካለ መሪው በግራ፣ አር ካለ በቀኝ ነው። ሱዳንም ኢትዮጵያም መንገዱን ይዘው የሚነዱት በቀኝ ስለሆነ ለእኛ የሚስማማን የግራው መሪ ነው። ከሰረዙ በኋላ ያሉት ፊደላት ስለ አካሉ፣ ስለ ካምቢዮውና ስለ ደረጃው ይናገራሉ። ኬኢ70 ከሆነ ደግሞ ኬ ሞተሩ፣ ኢ ኮሮላ ነው።

ይህን ማወቅ ምን ይጠቅማል? 2ኤልና 3ኤል የሚባሉት የሂሉክስ ሞተሮች ላላወቀ ሰው መንትያ ይመስላሉ። ነገር ግን የመጀመሪያው 2446 ሲሲ ሆኖ ፒስቶኑ የሚገባበት ቀዳዳ ስፋት 92 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለተኛው 2779 ሲሲ ሆኖ ስፋቱ 96 ነው። ያንዱ ፒስቶን ለሌላው አይሆንም። «የሂሉክስ ኢስቢር ስጠኝ» ብሎ ብቻ የሄደ ሰው ብሩን በትኖ ይመለሳል።

ከገንዘብም የከፋ ነገር አለ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ካርቱም ውስጥ ከየቤቱ ደጃፍ ብዙ መኪና ተዘርፏል። በተዘረፈ መኪና መያዝ ለማንም ክፉ ነው፤ ለስደተኛ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ቆርቆሮዋ ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር፣ ሻንሲው ላይ ተመትቶ የተጻፈውና ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ መሆናቸውን አስተያዩ። የሞተሩንም ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አመሳክሩ። የተፋቀ ቁጥር ወይም አዲስ ብየዳ ካያችሁ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ትታችሁ ሂዱ።

ፊደሉ የፈረንጅ ነው ብላችሁ አትስጉ። ትምህርት ቤት የምንልካቸው ልጆቻችን ያነቡታል። አንዱን ልጅ ወረቀትና እርሳስ አስይዛችሁ ይዛችሁት ሂዱ፤ ቁጥሩን አንድ በአንድ ይገልብጥላችሁ።

ቸር ይግጠመን።