«ሐሞቴ ፈሰሰ» ማለት ምን ማለት ነው?

በአገራችን አነጋገር ፈሪው «ሐሞተ ቢስ»፣ ደፋሩ «ሐሞተ ኮስታራ» ይባላል። በድንገት የደነገጠም ሰው «ሐሞቴ ፈሰሰ» ይላል። የሕክምና ሊቃውንት ግን መርምረው ያገኙት፣ በድንጋጤ ጊዜ የሚፈሰው ሐሞት ሳይሆን ሌላ ነገር መሆኑን ነው።

አንድ ገበሬ ቡሬ ገበያ በርበሬውን ሸጦ ሲመለስ መሸበትና ጅብ ከፊቱ ቆመ እንበል። ዐይኑ ጅቡን እንዳየ አንጎሉ በነርቭ አማካይነት በኩላሊቶቹ ዐናት ላይ እንደ ቆብ ለተቀመጡት ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች ትእዛዝ ይልካል። ዕጢዎቹም አድሬናሊን የተባለውን ሆርሞን፣ ማለት በደም የሚጓዘውን መልእክተኛ ቅመም ይለቃሉ። ያን ጊዜ ልብ በኀይል ይመታል፤ ትንፋሽ ይፈጥናል፤ ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር ለጡንቻ ይሰጣል፤ አፍም ይደርቃል። ጥቂት ቆይቶ ኮርቲሶል የተባለው ሁለተኛው ሆርሞን ይከተላል፤ ሥራውም ስንቁ እንዳያልቅ መጠበቅ ነው። አሜሪካዊው ሊቅ ዋልተር ካነን እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ይህ ሁሉ ሰውነት ለመታገል ወይም ለመሸሽ የሚያደርገው ዝግጅት ነው።

ጅቡ ሲሄድ ሰውነት ይረጋጋል። ዳሩ ግን ጅቡ ከሄደ በኋላም በአሳብ የቀረ እንደ ሆነስ? ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በፍኖተ ሰላም ከተማ፣ ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከአየር በወረደ ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች ሞተዋል። እንዲህ ያለውን ያየ ሰው ከብዙ ጊዜ በኋላ በር በኀይል ሲዘጋ ወይም ነጎድጓድ ሲሰማ ልቡ እንደዚያ ቀን ሊመታ ይችላል። ይህም ሲሰነብት እንቅልፍ ይነሣል፤ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ተማሪው ያጠናው አይያዝለትም፤ ጸሐፊውም ደብዳቤውን ሲያረቅ አሳቡ ይበተናል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ እንዲህ ያለውን ጓደኛ «ፈሪ» ብሎ መዝለፍ አይገባም፤ ዕጢው ለጀግናውም ለፈሪውም ይሠራልና። ልብ ሲመታ ትንፋሽን በዝግታ ማስወጣት ነርቭን ያረጋጋል። በእግር መሄድ፣ በጊዜ መተኛት፣ የሆድን ለሚያምኑት ሰው ማጫወት ይረዳል። ቡና ማብዛት ግን በእሳት ላይ ጭድ መጨመር ነው። ነገሩ ከአንድ ወር በላይ ከቆየ ወደ ሐኪም መሄድ ያሻል። የተሰበረ እጁን ለወጌሻ ማሳየት የማያፍር ሰው፣ ይህንንም ለሐኪም መንገር ሊያሳፍረው አይገባም።