መጀመሪያ ዓርብሽን ጠይቂ

እህቶቼ፣ አንዷ ጓደኛችን የትራያትሎን ልምምድ በስልኳ አሳየችን። ቅዳሜና እሁዱን ሙሉ ዋና፣ ብስክሌት፣ ሩጫ ነው። በኦሎምፒኩ ውድድር 1.5 ኪሎ ሜትር ይዋኛል፣ 40 በብስክሌት ይኬዳል፣ 10 ይሮጣል። «እኛማ በየቀኑ ደረጃ ለደረጃ እንሮጥ የለ!» ብለን ሳቅን።

ግን አንድ አይደለም። ስፖርተኛዋ ሲደክማት ታርፋለች፤ ሰውነቷም የሚጠነክረው ሲያርፍ ነው። እኔ ኤደን ሰው ቤት ስሠራ ሁለት ዓመት ሙሉ የእረፍት ቀን አልነበረኝም። ወገቤን ሲያመኝ ማዳም «ስፖርት ሥሪ» አለችኝ። መቼ? እንዳታባርረኝ እየፈራሁ ዓርብን ጠየቅኳት። መጀመሪያ እምቢ አለች፤ ደግሜ ስጠይቃት ከአሥር ሰዓት በኋላ ፈቀደች። ከሁለት እህቶች ጋር ኮርማክሳር ባሕር ዳር መራመድ ጀመርኩ።

የዓለም ሥራ ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስምምነት ቁጥር 189 ለቤት ሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት እረፍት ይሰጣል። የመን አላጸደቀችውም። ስለዚህ ደመወዝ ስትነጋገሪ ዓርብንም አብረሽ ተነጋገሪ፤ ከገባሽ በኋላ ይከብዳል። ስትወጪ ብቻሽን አትሁኚ፣ ውሃ ያዢ፣ ዋና ካልቻልሽ ባሕር አትግቢ።

ስፖርት ለጤና ጥሩ ነው የሚሉን፣ መጀመሪያ ቀኑን ይስጡን።