ጥፋቱ የጣት አይደለም

እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 2020 የአሜሪካው ሲቲባንክ፣ ሬቭሎን ለተባለው የመዋቢያ ምርቶች ኩባንያ ገንዘብ ላበደሩ ድርጅቶች ወለድ ለመክፈል ተነሳ። መከፈል የነበረበት 8 ሚሊዮን ዶላር የማይሞላ ገንዘብ ሲሆን ከባንኩ የወጣው ግን 900 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ሌባ የለበትም፤ ሲስተሙን ሰብሮ የገባም አልነበረም። ሠራተኞቹ የፈለጉት ወለዱ ለአበዳሪዎቹ እንዲደርስ፣ ዋናው ብድር ደግሞ በባንኩ የውስጥ ሒሳብ ላይ እንዲያርፍ ነበር። ሶፍትዌሩ ይህን የሚያደርገው ሦስት ሳጥኖች ላይ ምልክት ሲደረግ ብቻ ነው። ምልክት የተደረገው በአንዱ ላይ ነው። ያ አንዱ ሳጥን ስሙ «ዋና ብድር» ነበር። ዋናውን ብድር ማስቀረት የሚፈልግ ሰው፣ ዋና ብድር የሚለውን መርጦ ሥራዬን ጨረስኩ ቢል ማን ይፈርድበታል? ሦስት ሰዎች በየተራ አይተው አጽድቀውታል። ስክሪኑም ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ ገንዘብ ከባንኩ ሊወጣ ነው፣ ይቀጥል ወይ ብሎ ጠይቋል። ምን ያህል ገንዘብ እንደሚወጣ ግን አልተናገረም። ወለዱ እንደሚወጣ አስቀድሞ የታወቀ ስለነበር ማስጠንቀቂያው ማንንም አላስደነገጠም። 500 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የደረሳቸው አበዳሪዎች አንመልስም አሉ፤ ፍርድ ቤትም በ2021 ለእነሱ ፈረደ፤ ፍርዱ በይግባኝ የተሻረው በሴፕቴምበር 2022 ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ማን እንደተሳሳተ ነው። ዲዛይነር መጠየቅ ያለበት ግን ሌላ ነው፤ ስክሪኑ ምን አሳያቸው? አሜሪካዊው ተመራማሪ ዶን ኖርማን በ1988 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰዎች ዕቃ አልታዘዝ ሲላቸው ራሳቸውን እንደሚወቅሱ፣ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የዕቃው አሠራር እንደሆነ አስረድቶ ነበር። ያኔ የተናገረው ስለ በር እጀታና ስለ ምድጃ ማብሪያ ጭምር ነው። ዛሬ የበር እጀታው በየኪሳችን ገብቷል። ገንዘብ የምንልከው፣ ቀጠሮ የምንይዘው፣ ግብር የምንከፍለው በስክሪን ነው። «እኔ እኮ ቴክኖሎጂ አይገባኝም» የሚለው አነጋገርም አብሮ ተስፋፍቷል። ይህን ከሚሉት ብዙዎቹ የጎደላቸው ዕውቀት አይደለም፤ የጎደለው ስክሪኑ ሊያሳያቸው የሚገባ ነገር ነው። የዘመኑ ሶፍትዌር የሚመዘነው ሰው ሲሠራበት ሳይሆን ለዕይታ ሲቀርብ በመሆኑ፣ ለሥራው የሚያስፈልገው ነገር ለውበቱ ሲባል ይደበቃል። ከዚያ የሚመጣው ስህተት ሁሉ በተጠቃሚው ላይ ይጻፋል።

የተደበቀ ነገር ዋጋው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ኦገስት 21 ቀን 2017 «ጆን ኤስ. ማኬይን» የተባለችው የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ በሲንጋፖር ሰርጥ አቅራቢያ ከአንዲት ነዳጅ ጫኝ መርከብ ጋር ተጋጭታ 10 መርከበኞች ሞቱ። መሪውንና ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው ሥርዓት የንክኪ ስክሪን ነበረው። አዛዡ መሪ የያዘው መርከበኛ ሥራ እንደበዛበት አይተው የፍጥነቱን ሥራ አጠገቡ ላለው እንዲያካፍል አዘዙ። በዝውውሩ መካከል መሪውም ሳይታሰብ አብሮ ተዛወረ። ሁለቱን ፕሮፔለሮች እኩል የሚያዘው ቅንብር ደግሞ ተለያየና፣ ፍጥነት ቀንሱ ሲባል የቀነሰው አንዱ ብቻ ሆነ፤ መርከቧም ወደ አንድ ጎን ዞረች። መርከበኛው መሪው አልሠራም ብሎ ተናገረ። መሪው ግን ይሠራ ነበር፤ ያለው በሌላው ስክሪን ላይ ነበር። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2019 ባወጣው ሪፖርት ከሥልጠና ጉድለት ጋር የሥርዓቱን ዲዛይን አንሥቶ ወቅሷል። ባሕር ኃይሉም በዚያው ዓመት በዚህ ዓይነት መርከቦቹ ላይ የንክኪውን ፍጥነት መቆጣጠሪያ አውጥቶ በእጅ የሚጨበጠውን እንደሚመልስ አስታወቀ። በእጅ የሚጨበጥ ማንሻ ያለበትን ሁኔታ አይደብቅም። ሁለቱ ማንሻዎች ከተለያዩ መለያየታቸው ለዓይንም ለእጅም ይታወቃል፤ ሊነበብ የሚገባው ምንም የለም።

ታዲያ ይህ እየታወቀ ለምን ይደበቃል? ዲዛይን የሚጸድቀው በስብሰባ ላይ ስለሆነ ነው። አንድ ስክሪን በትልቅ ግድግዳ ላይ ተንጸባርቆ ሲታይ ባዶው ብዙ፣ ጽሑፉ ትንሽ፣ ቀለሙ ለስላሳ ከሆነ «ንጹሕ ነው» ይባላል፤ ይጨበጨባል። በስብሰባው ላይ ማንም ገንዘብ አይልክበትም፤ በፀሐይ ላይ ቆሞ አያነበውም። «ይሄን ቁልፍ ብናወጣውስ?» የሚለው አስተያየት የማይቀርብለት ዲዛይነር የለም። ከ2010 ወዲህ የመጣው ጠፍጣፋ ዲዛይን ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ ስልኩ ጀመረው፤ አፕል በ2013፣ ጉግል በ2014 ተከተሉ። ከዚያ በፊት የነበረው ዲዛይን በእርግጥም ተበላሽቶ ነበር፤ የማስታወሻው ገጽ ቆዳ፣ የመጽሐፍ መደርደሪያው እንጨት እንዲመስል ይደረግ ነበር፤ ያ መቅረቱ ደግ ነው። ከቆዳውና ከእንጨቱ ጋር ግን የቁልፉ ጠርዝና ጥላ አብሮ ተጠረገ። የሚነካውና የማይነካው ጽሑፍ አንድ መሰለ። በ2012 የወጣው ዊንዶውስ 8 ደግሞ ሰው ለዓመታት የለመደውን የ«ስታርት» ቁልፍ ከነጭራሹ አነሳ፤ ሜኑ የሚፈልግ ሰው ማውሱን ወደ ባዶ ጥግ እንዲወስድ ተጠበቀበት። ባዶ ጥግ ምንም አይናገርም። በዓመቱ ቁልፉ ተመለሰ።

ይህ ፋሽን ወደ አማርኛ ሲመጣ ጉዳቱ ይብሳል። በእንግሊዝኛ ስክሪን ላይ ርዕስን ከዝርዝር፣ ቁልፍን ከማብራሪያ ለመለየት በትላልቅ ፊደላት መጻፍ ይቻላል። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው የሚቀረን የጽሑፉ መጠን፣ ውፍረቱና በዙሪያው ያለው ክፍት ቦታ ነው። ብዙ መተግበሪያዎች ደግሞ የሚቀንሱት ልክ እነዚህኑ ነው። ደማቅ ቅርጽ የሌለውን ፎንት ሶፍትዌሩ በግድ ሲያወፍረው የፊደሉ ሆድ ይደፈንና «ጭ» እና «ጬ» ይደባለቃሉ። «ላኪ» የሚለው የሳጥን ስምና «ላኩ» የሚለው ትእዛዝ የሚለያዩት በአንዲት ቅጥያ ነው፤ በአንዱ እግሩ ሥር፣ በሌላው ወገቡ ላይ ናት። ቀጭን ፎንት በፈዛዛ ግራጫ በነጭ ላይ ሲጻፍ፣ ቀትር ላይ መርካቶ ውስጥ ስልኩን የያዘ ነጋዴ ያቺን ቅጥያ አያያትም። ጽሑፍና ዳራው ቢያንስ 4.5 ለ1 የብርሃን ልዩነት ይኑራቸው የሚለው ዓለም አቀፍ መለኪያ ለዓመታት በሥራ ላይ ያለ ነው፤ የተበጀውም ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች ታስቦ ነው። የግዕዝ ፊደል ከእሱም በላይ ሊደረግለት ይገባል ባይ ነኝ። ቴክኖሎጂው አይችልም የሚለው ምክንያትም ጊዜው አልፏል፤ ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተር ፊደላት ዓለም አቀፍ ደረጃ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው።

እዚህ ላይ ሚዛን የሚደፋ የሚመስል ተቃውሞ ይነሳል። የስልክ ስክሪን ትንሽ ነው፤ ሁሉም ነገር ይታይ ከተባለ ምንም አይታይም ይባላል። እውነት ነው። ሃምሳ ቁልፍ የተደረደረበት ገጽ ከባዶ ገጽ አይሻልም። የምከራከረው ግን ሁሉም ይታይ ብዬ አይደለም፤ የሚደበቀው በምን ይመረጥ ነው ጥያቄዬ። በዓመት አንዴ የሚነካ ቅንብር ቢደበቅ ማንም አይጎዳም። ዘወትር የሚፈለገውና አንዴ ከተደረገ የማይመለሰው ግን ቦታ ጠበበ ተብሎ ሊደበቅ አይገባም። የተደበቀ ነገር ደግሞ በተጠቃሚው ዘንድ የለም ማለት ነው። የማይክሮሶፍት ባለሙያዎች የቢሮ ሶፍትዌራቸውን ለማሻሻል ሲነሱ፣ ይጨመርልን ተብሎ ከሚጠየቀው ብዙው ቀድሞውኑ በሶፍትዌሩ ውስጥ ያለ ሆኖ አገኙት፤ በሜኑ ላይ በተነባበረ ሜኑ ተቀብሮ ነበር። በ2007 ሜኑውን አፍርሰው ትእዛዞቹን ከላይ በሰፊ መደብ ላይ ዘረጓቸው። በጊዜው ብዙ ተጠቃሚ ተቆጥቶ ነበር፤ ለውጥ ሁልጊዜ እጅ የለመደውን ያፈርሳልና። ልዩነቱ ያ ለውጥ የተቀበረውን ያወጣ መሆኑ ነው። ዛሬ በየወሩ የሚመጡት አፕዴቶች አብዛኞቹ በተቃራኒው የወጣውን ይቀብራሉ።

ሌላው መልስ «ሰው ይለምደዋል፣ ይሠለጥናል» የሚለው ነው። ለሲቲባንክ ሦስት አጽዳቂዎች ክፍያውን ማጣራት ሥራቸው ነበር። የመርከቧ ጉዳይ የሥልጠና ጉድለትም እንደነበረበት ሪፖርቱ አልደበቀም። ነገር ግን ሰው የሚለምደው ረጋ ባለ ሰዓት ነው፤ ስህተት የሚመጣው በጥድፊያ፣ በድካም፣ በድንጋጤ ጊዜ ነው። በዚያ ሰዓት ሰው ማኑዋል አያስታውስም፤ ፊቱ ያለውን ያያል። ደግሞስ ይልመዱት የሚለው ድርጅት ራሱ በስድስት ወሩ ቁልፉን ቦታ ሲያቀያይረው ልማዱ በምን ይጸናል? ይህ ከሁሉ የሚጎዳው ልጆቻቸው አጠገባቸው የሌሉ አረጋውያንን ነው። ባሕር ማዶ ካለ ልጃቸው የመጣላቸውን ገንዘብ ለማየት ትናንት የነኩት ቦታ ዛሬ ማስታወቂያ ሆኖ ያገኙታል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከድርጅቶቹ የሚመጣው ነው። እኛ በግምት አንሠራም፤ ሁለት ዓይነት ገጽ አዘጋጅተን በብዙ ሺህ ሰው ላይ ፈትነን ውጤት ያመጣውን እንመርጣለን ይላሉ። ፈተናው መኖሩን አልጠራጠርም። ጥያቄው የተለካው ምንድን ነው የሚለው ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2023 አማዞንን በከሰሰ ጊዜ፣ የ«ፕራይም» አባልነትን ለመሰረዝ ደንበኛው አራት ገጽ፣ ስድስት ጠቅታና አሥራ አምስት ምርጫ ማለፍ እንደነበረበት ገልጿል። በድርጅቱ ውስጥ ይህ መንገድ «ኢልያድ» እየተባለ ይጠራ እንደነበርም ክሱ ላይ ተጽፏል፤ ስለ ረጅሙ ጦርነት በተጻፈው ረጅም የግሪክ ግጥም ስም መሆኑ ነው። ጉዳዩ በ2025 በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። በዚህ ዓይነት ገጽ ላይ የሚለካው ምን ያህል ሰው ሳይሰርዝ ቀረ የሚለው ከሆነ፣ መውጫውን የደበቀው ገጽ ፈተናውን በከፍተኛ ውጤት ያልፋል። ቁጥር አለን ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሰው ሊሠራ የመጣውን ሠርቶ በስንት ጊዜ ወጣ፣ ስንት ጊዜ ተሳሳተ፣ ስህተቱን ራሱ ማረም ቻለ ወይ የሚለው ቁጥር ሲቀርብ ነው ክርክሩ የሚጀመረው።

በአገራችንም ጥሩው አሠራር የማይታወቅ ሆኖ አይደለም። የስልክ ገንዘብ አገልግሎቶች ቁጥር ስናስገባ የተቀባዩን ስምና የገንዘቡን ልክ አሳይተው ቀጥሎ የሚስጥር ቁጥር ሲጠይቁ፣ የሲቲባንክ ማስጠንቀቂያ የጎደለውን ነገር አሟልተዋል ማለት ነው። አንድ መስመር ጽሑፍ ናት፤ ስንት ሰው ገንዘቡን ለማያውቀው ሰው ከመላክ አድናለች። በአንጻሩ ለኢትዮጵያውያን የተሠራ ቅጽ የመጀመሪያ ስምና የቤተሰብ ስም ብሎ ሲጠይቅ፣ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ያለው ሰው የትኛውን የት ይጻፍ? አንዱ የአባቱን ይጽፋል፤ ሌላው የአያቱን፤ በኋላ መዝገቡ አልገጥም ሲል የሚመላለሰው ባለጉዳዩ ነው። የልደት ቀን መምረጫው ጳጉሜን የማያውቅ ከሆነ፣ ሰው ወደ ፈረንጆቹ ቀን በጭንቅላቱ ሲቀይር ስህተት ይገባል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ «3:00» ብቻ ብሎ ቀጠሮ የሚሰጥ መልእክት በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጆቹ ሳይናገር ባለጉዳዩን ስድስት ሰዓት ያሳስታል።

ይህን ሁሉ መፈተን ውድ ነው የሚለው የመጨረሻው ተቃውሞ ብዙ አያቆይም። ጃኮብ ኒልሰን የተባለው የመስኩ አዋቂ በ2000 እንደጻፈው፣ አንድን ስክሪን በአምስት ሰዎች መፈተን አብዛኛውን ችግር ያወጣል። ሶፍትዌር በጨረታ የሚገዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ባንኮች በውላቸው ውስጥ አንድ አንቀጽ ይጨምሩ። ርክክቡ በስብሰባ አዳራሽ አይሁን፤ ሶፍትዌሩን አይተውት በማያውቁ፣ አገልግሎቱን ግን በሚጠቀሙ አምስት ሰዎች ፊት ይሁን። ሥራው በአማርኛ ወይም በየአካባቢው ቋንቋ ይሰጣቸው፤ ስልኩ ውድ አይሁን፤ ቦታው ደጅ ይሁን። አስረካቢው ድርጅት ቆሞ ይመልከት፤ እንዳይናገርና በጣቱ እንዳያሳይ ግን ይከልከል። ከአምስቱ ሁለቱ መሐል ላይ ከቆሙ ሶፍትዌሩ አላለቀም፤ የመጨረሻው ክፍያም አይፈጸም።