ጉዱ ካሳን እንደገና ሳነበው

በ1958 ዓ.ም. በታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያለውን ጉዱ ካሳን የማይወድ አንባቢ አላጋጠመኝም። በልጅነቴ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ስሰማው የወደድኩት ስለሚያስቀኝ ነበር። ዘንድሮ መጽሐፉን እንደገና ሳነበው ግን ሳቄ ቀርቶ በአንክሮ አየሁት።

ጉዱ ካሳ ብቻውን እያወራ ይሄዳል። አገሬው የሚጨነቅለት ወግና ማዕረግ እሱን አያስጨንቀውም። ሌላው አንገቱን ደፍቶ እጅ በሚነሳበት በባላባቱ በፊታውራሪ መሸሻ ፊት ያመነበትን ሳያለዝብ ይናገራል። የድሃው በደል ከአእምሮው አይወጣም፤ ሰሚ ቢያገኝም ባያገኝም ስለዚያው ያወራል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ የሚያሳድጉ ብዙ ወላጆች ይህን ሁኔታ ያውቁታል፤ ይሉኝታ የማያውቅ ቀጥተኛ ንግግር፣ በአንድ ጉዳይ መመሰጥ፣ ያልተጻፈውን የማኅበረሰብ ሕግ አለማንበብ።

ለልቦለድ ሰው ምርመራ አይደረግለትም። ሊዮ ካነር ኦቲዝም ስላለባቸው 11 ልጆች የጻፈው ታዋቂ ጥናት የወጣው በ1943 እ.ኤ.አ. ነው፤ ታሪኩ ከዚያ በፊት የሚፈጸምበት የዲማ ሰው ይህን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ካሳን «ኦቲዝም አለበት» ስንል ንግግሩን ከንቱ እናደርግበት ይሆን? አገሬውም እኮ «አብዷል» ብሎ ነው ከመስማት የዳነው። ለእኔ መልሱ ግልጽ ነው፤ ኦቲዝም የሰውን እውነት አይሽረውም። ካሳ ስለ ጭሰኛው የተናገረው በማንም አፍ ቢነገር እውነት ነው። ልዩነቱ፣ ሌላው በይሉኝታ የዋጠውን እሱ መዋጥ አለመቻሉ ነው።

ከመጽሐፉ ወደ እውነተኛው ሕይወት ስንመጣ፣ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩ። ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የጆይ ማዕከልን በአዲስ አበባ ሲከፍቱ፣ እንዲህ ያሉ ልጆች «እርግማን ነው» እየተባለ ከጎረቤት ዓይን በጓዳ ይደበቁ ነበር። ዛሬም ይህ ፈጽሞ አልቀረም። ጉዱ ካሳን በመጽሐፍ የምናደንቅ ሰዎች፣ ክፍል ውስጥ «ቲቸር፣ ተሳስተዋል» የሚለውን ልጅ ስድ ብለን እናስወጣዋለን፤ ዓይን ለዓይን የማያየንን ልጅ ትዕቢተኛ እንለዋለን።

መምህራንና ወላጆች ሆይ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ሲገጥማችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት የሚለውን ስሙት። ከዚያም ድጋፍ ወደሚያገኝበት ቦታ ውሰዱት። ለካሳ በመጽሐፍ የሰጠነው ፍቅር ለልጆቻችንም ይገባቸዋል።